በብሩክ የሐዘን ገጽ ላይ የሠራሁት ስህተት

ማክሰኞ
በብሩክ የሐዘን ድረ ገጽ ላይ የቁማር ማስታወቂያ ወጣ። እናቱ እትዬ አልማዝ ሲከፍቱት የልጃቸው ፎቶ ጠፍቶ «አሁኑኑ ይጫወቱ» የሚል መጣባቸው። እህቱ ደወለችልኝ። «ምንድን ነው ያደረግሽው?» አለችኝ። የሥራ ባልደረባዬ ብሩክ ከሞተ ገና ሠላሳ ሦስት ቀኑ ነው። ገጹን የሠራሁት ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው ሐዘኑን እንዲጽፍበት ነበር።

ረቡዕ
ጥፋቱ የእኔ ነው። አንድ የማላውቀው ሰው ሐዘንተኛ መስሎ በመልእክቱ ውስጥ ጃቫስክሪፕት በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ትዕዛዝ ልኳል። ለገጹ ያዘጋጀሁት ንድፍ፣ ቴምፕሌቱ፣ ደግሞ የተላከውን ሁሉ እንዳለ የገጹ ኮድ መሃል ይከተዋል። ገጹን የሚከፍተው ብራውዘር ምን ያውቃል፣ የታዘዘውን ፈጸመ።

እንዲህ ያለውን ትዕዛዝ የሚያግደውን ማጣሪያ ያጠፋሁት ራሴ ነኝ። እትዬ አልማዝ «የሰው ሐዘን አይታረምም ልጄ፣ እንደጻፉት ይሁን» ብለውኝ ነበር። በማጣሪያው ምክንያት በመልእክቶቹ ውስጥ አንዳንድ ምልክቶች ተበላሽተው ሲታዩኝ፣ በቃ፣ ነቀልኩት። ለደንበኛ ሁሉ ስለ ጥንቃቄ የምለፈልፈው እኔ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

ቢሮ ውስጥ መፍትሔውን ብሩክን ልጠይቅ አጠገቤ ወዳለው ወንበሩ ዞር አልኩ። መሞቱን ረስቼው።

ሐሙስ
መብራት የለም። ወሎ ሰፈር ጄኔሬተር ያለው ካፌ ገባሁ። ማጣሪያውን መለስኩ። መልእክቶቹን ከኮዱ አውጥቼ ለብቻቸው አስቀመጥኳቸው፤ ኮዱ አሁን ያሳያቸዋል እንጂ አይታዘዛቸውም። የሰውዬውን መልእክት መልሼ ሞከርኩት። እንደ ተራ ጽሑፍ ተዘርግቶ ታየ፣ ምንም አላደረገም። ሰረዝኩት።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አለቀስኩ። አስተናጋጇ ሶፍት አምጥታልኝ ሳትጠይቀኝ ሄደች።

ቅዳሜ
እትዬ አልማዝ ቤት ሄድኩ፣ ካዛንቺስ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል «ተይ፣ ተነሺ» አሉኝ። ገጹን ግን ፈሩት። «ልጄ ዓይኔ እያየ ሲጠፋ ሁለተኛ አላይም። አንቺ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። የድሮ አስተማሪው ጽፈዋል። ቡልጋሪያ ሰፈር ጋራዥ ያለው ጓደኛው ሦስት ጊዜ ጽፏል። እሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ሁሉንም ሰሙ። ስጨርስ ቀና አሉ።

«ያንቺስ የታለ?»

ሁለት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ወደድኩት፣ አንድ ቀን አልነገርኩትም። ለሰው ሁሉ መጻፊያ ሠርቼ እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩም።

«የለም እትዬ» አልኳቸው። እጄን ያዙኝ። እንደምወደው ያወቁ መሰለኝ።