ፒክአፗን ያስገኘችልን ፊርማ

ውድ አባዬ፣

ዓይንህን ተመርምረህ ማለፍህን፣ መንጃ ፈቃድህንም ማሳደስህን አክስቴ ትናንት ደውላ ነገረችኝ። «ሐኪሙ ትንንሾቹን ፊደሎች አንብብ ቢለው፣ ከሥር ያለውን የማተሚያ ቤት ስም ሳይቀር አነበበለት እኮ!» ብላ ስትስቅ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቀጥላ «ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይመጣልሃል፤ ጫማውን ከአሁኑ ሁለቴ ወልውሎታል» ስትለኝ ግን ሳቄን አቋረጥኩ። ስልኩን ልታቀብልህ ስትል መስመሩ ተቋረጠ፣ አይደል? አልተቋረጠም አባዬ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ይህን ደብዳቤ አውቶቡስ ነጂው ወዳጅህ እሁድ ያደርስልሃል። ቁጭ ብለህ አንብበው። የምታውቀውን ደግሜ ብጽፍልህ አትቆጣ፤ የማታውቀው የሚነሳው ከሱ ነው።

የፓምፑን ሥራ ያገኘሁ ቀን ትዝ ይልሃል? ዲግሪዬን በፕላስቲክ ሸፍኜ ድፍን ዓመት ከቢሮ ቢሮ ስንከራተት ከርሜ፣ የጉድጓድ ውኃ ፓምፖችን እየዞርኩ እንድፈትሽና እንድጠግን የአንድ ዓመት ውል ተሰጠኝ። ማሰሪያው አንድ ነበር፦ በሃያ ቀን ውስጥ በስሜ የተመዘገበ ፒክአፕ ካላቀረብኩ ሥራው ለሁለተኛው ተወዳዳሪ ያልፋል። አንተ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገህ አየኸውና፣ «በቃ፣ ፓምፑ ያንተ፣ መሪው የኔ» አልክ። ከሥራ ከወጣህ አራት ዓመት ሆኖህ ነበር፤ በእነዚያ አራት ዓመታት እንደዚያ ቀን ፊትህ ሲበራ አላየሁም። እናቴ የተወችልን ቦታ ለመኪናዋ መግዣ ሲሸጥ እንኳ ከአፍህ አንዲት ቃል አልወጣችም።

መኪና ግን ከገበያ ጠፍቶ ነበር። አዲስ የሚሸጡት «ተመዝገብና በሚቀጥለው ዓመት ብቅ በል» ይላሉ። አሮጌው ጠዋት ደጅ ቆሞ ለምሳ አይደርስም። ሻጭ ንጉሥ፣ ገዢ ደጅ ጠኚ የሆነበት ጊዜ ነበር። አንተ በመሐረብ የጠቀለልካትን ማግኔት ይዘህ የየመኪናውን ጎን ትደባብሳለህ፤ ማግኔቷ አልይዝ ስትል «ይሄ መኪና አይደለም፣ ልስን ግድግዳ ነው» ትላለህ። ደላላው ደግሞ «አባት፣ መኪና ነው የሚገዙት ወይስ ለልጅዎ ሚስት እያጩ ነው?» ይልሃል። «ሚስትማ ብትሆን ጠይቄ እመለስ ነበር። መኪና አይናገርማ!» ትለዋለህ። አንተ ደባብሰህ፣ ጎንበስ ብለህ፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀህ እስክትጨርስ ሌላው ከፍሎ ይነዳታል። ሦስት መኪና እንዲህ አመለጠን። አንተ ትስቃለህ፣ እኔ ቀን እቆጥራለሁ።

አሥራ ስድስተኛው ቀን ላይ ጎማ ሠሪው መንገድ ላይ አስቁሞኝ «አባትህ አልነገረህም እንዴ? የመጋዘኑ ባለቤት ቁልፌ፣ አባትህ ይነዳት የነበረችውን ፒክአፕ ሊሸጣት ነው» አለኝ። ለሁለት ቀን ደብቀኸኝ ነበር። ቤት ገብቼ ጮህኩብህ። «ከዚያ ሰውዬ ደጅ ከምቆም» አልከኝ ቀስ ብለህ፣ «በእግራችን ብንሄድ ይሻለናል።»

«በእግሩ የሚሄደው ማነው? አንተ ነህ? አንተ እዚህ ተቀምጠህ ግድግዳ ታያለህ፤ በእግሩ የሚዞረው እኔ ነኝ!»

ያልኩህን አልረሳሁትም። ኮትህን አነሳህ።

ወደዚያ ደጅ መሄድ ለምን እንደማትወድ አጥቼው አልነበረም። አሥራ ሰባት ዓመት የግንባታ ዕቃ መጋዘኑን ፒክአፕ ስትነዳ፣ የየበሩን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስለሚዞር ሠራተኛው ሁሉ ከኋላው «ቁልፌ» የሚለው ያ ባለቤት አንዴ ጋቢናዋ ውስጥ አቧራ አግኝቶብህ አያውቅም። አንድ ከሰዓት አንተ ትርፍ ጎማ ልታስለጥፍ በሄድክበት፣ የቁልፌ ልጅ ቁልፏን ከሚስማሩ አንስቶ ወደ ኋላ ሲነዳ የመጋዘን ጠባቂውን እግር ከማራገፊያው ግንብ ጋር አጣበቀው። ጠባቂው፣ ያ የእሁድ የዳማ ጓደኛህ፣ እግሩን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ። ቁልፌ ደግሞ የጉዞ መዝገቡን አምጥቶ «ፈርም» አለህ። የዚያን ቀን ነጂ እኔ ነኝ በል ማለቱ ነው። አልፈርምም አልክ። የጠባቂው ነገር የሥራ ላይ አደጋ ተብሎ ተዘጋ፤ አንተም በማግሥቱ ተሰናበትክ።

እና እዚያው ደጅ ወሰድኩህ።

ቢሮው ውስጥ እኛን አቁሞ እሱ ተቀምጦ ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ሌሎች ሁለት ገዢዎች ተራ ይጠብቃሉ።

«ልጅህ ተማረልህ አሉ።»

«አዎ ጋሼ፣ ተመርቋል።»

«ጥሩ ነው። የተማረ ሰው ወረቀት ያውቃል።» መሳቢያውን ከፍቶ ያንን ወፍራም መዝገብ አወጣ። «እየው ልጄ። ዘይት የተቀየረበት፣ ጎማ የተነፋበት፣ ማን ነድቶ የት እንደሄደ ሁሉ እዚህ አለ። በዛሬ ገበያ ከነሙሉ መዝገቡ የሚሸጥ መኪና ታገኛለህ? አታገኝም። የጠባቂው እግር አደጋ የተጻፈባት አንዲት መስመር ብቻ የነጂው ቦታ ባዶ ነው። ክፍት መዝገብ ይዤ ደግሞ አልሸጥም።»

«ያን ቀን ማን እንደነዳት ያውቃሉ ጋሼ» አልክ።

«የማውቀውን አልጠየቅሁህም። ልጄ ነገ ከነገ ወዲያ ይህን ቤት ይረከባል። ያ አንካሳ ደግሞ በየደጁ ስሙን ያነሳል። እነዚያ ውጭ ያሉት ከአንተ የተሻለ ይከፍሉኛል፤ እኔ ግን ለአሮጌ ሠራተኛዬ ላድላ ብዬ ነው» አለና ሳቀ። በራሱ ቀልድ ከልቡ የሚስቅ ሰው ነው።

አንተ ወደ እኔ ዞርክ። «እንሂድ» እንድልህ ነበር የፈለግኸው፣ አይደል? አንዲት «እንሂድ» ብቻ። እኔ ግን «አባዬ፣ አንድ ፊርማ ናት። ማን ያነባታል?» አልኩህ። ቀጥዬም ጨመርኩበት። «ዕድሜ ልክህን የሰው መኪና ነድተህ ይኸው ባዶ እጅህን ነህ። አሁን ደግሞ በአንተ ክብር የተነሳ እኔም ባዶ እጄን ልቅር?» ያልኩህ በዚያ ሰውዬ ፊት ነው። እሱ እንኳ ቅንድቡን አነሳ።

ብዕሩን ተቀበልክ። «ፊርማ ብቻ አይበቃም» አለህ፤ «‹የነዳሁት እኔ ነኝ› ብለህ ጻፍ። የልጅህን ያህል ባትማርም ይቺን ይቺን አታጣም።» ጻፍክ። ከዚያ ሁለቱን ገዢዎች «ምስክር ያስፈልጋል» ብሎ ጠራቸውና ድምፅህን ከፍ አድርገህ እንድታነብ አደረገህ። ሁለቴ አነበብከው፤ መጀመሪያ ላይ አልተሰማም ብሎ ስላስደገመህ።

በዚያ ሰዓት የት እንደማይ አላየኸኝም። በመስኮቱ የፒክአፗን የኋላ ጎማዎች እያየሁ ነበር። አዲስ ናቸው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። እሁድ ዳማውን በብብትህ ይዘህ ጠባቂው ቤት ሄደህ፣ ጠባቂው በሩን ገርበብ አድርጎ ያለህን ሚስቱ ናት የነገረችኝ፦ «እግሬን የበላው ማን እንደሆነ መቼም አልስተውም። አንተ ማን እንደሆንክ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር።» አንተ ለእኔ «ሰውዬው ዛሬ ራሱን አሞታል» ነበር ያልከኝ። በማግሥቱ «እህቴ ዘንድ ልሰንብትና ዓይኔን ልታይ» ብለህ ተነሳህ። ከሰው ዓይን መሸሽህ እንደሆነ አውቄ ነበር። ሥራው እስኪጀመር ነው፣ ጋቢናዋ ውስጥ ሲገባ ሁሉን ይረሳዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

የማታውቀው ከዚህ ይጀምራል።

ፒክአፗን አሳጥቤ፣ ሰነዶቹን በየቀለሙ ክላሰር ለይቼ፣ አሥራ ዘጠነኛው ቀን ላይ መሥሪያ ቤቱ ደረስኩ። የትራንስፖርት ኃላፊዋ ቆፍጣና ሴትዮ ናቸው። የባለቤትነት ደብተሩን፣ የምርመራውን ወረቀት አዩ፤ በቃ፣ የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነበር። እኔ ነኝ «ሙሉ የጉዞ መዝገቧም አለ» ብዬ ያወጣሁት። ማንም አልጠየቀኝም አባዬ። አሥራ ሰባት ዓመት በእጅህ የጻፍካት፣ አንዲት የዘይት ቀን ያልዘለለች መዝገብ ናትና ልኮራባት ፈልጌ ነበር። እሳቸውም «እንዲህ ያለ ነጂ ዛሬ የት ይገኛል?» እያሉ ገጹን ይገልጣሉ። እኔ የአንተን የሹፌርነት ማመልከቻ ከክላሰሩ መዘዝ እያደረግሁ ነበር። ድንገት የአደጋው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ ቀለሙ አዲስ ነው። ይህ ሰው የሰው እግር ጨፍልቆ፣ አራት ዓመት ደብቆ ነው የፈረመው?»

የመዘዝኩትን ማመልከቻህን ከክላሰሩ ሥር ሸጎጥኩት።

«ቆይ እስቲ።» ውሌን አንስተው ስሜን አዩ። ከስሜ ቀጥሎ ያንተ ስም እንዳለ ነው፤ ከተወለድኩ ጀምሮ የት ይሄዳል? «ይሄ ሹፌርና አባትህ አንድ ስም ነው ያላቸው። ምንህ ነው?»

እውነቱን ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ እመነኝ። ግን ነገሩ እንደ መብረቅ ታየኝ። ፊርማው የውሸት ነው ካልኩ መዝገቡ የተጭበረበረ፣ ግዢውም ያጠራጥራል፤ ነገ ሃያኛው ቀን ነው፤ ሁለተኛው ተወዳዳሪ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። አባቴ ነው ካልኩ ደግሞ የሰው አካል ያጎደለ ሰው ልጅ ነኝ።

«የአባቴ ሞክሼ ነው» አልኳቸው።

«እንኳንም ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ዘንድ መሪ አይነካም። ኢንሹራንሱም አይቀበለው።» ማኅተሙን አንስተው ውሉ ላይ መቱልኝ። ማመልከቻህን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ወጥቼ ጋቢናዋ ውስጥ ስገባ አልቅሼ እንደሆን ትጠይቀኝ ይሆናል። አላለቀስኩም። ሥራ አገኘሁ ብዬ መሪውን በሁለት እጄ እየመታሁ ጮህኩ። ለቅሶው የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ እሱም ለጥቂት ጊዜ።

ሹፌር ቀጥሬያለሁ። አጭር ሰው ነው፤ ወንበርህን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ስቦታል። ፍሪሲዮኗን እየፈጨ ይነዳታል፤ ብትሰማ ያንገበግብህ ነበር። ሥራው ግን ያምራል አባዬ! ስድስት ጉድጓድ ጨርሻለሁ። አንዱ ሁለት ዓመት የደረቀ ነው ሲሉት፣ የፓምፑ ቫልቭ ብቻ ነበር የተበላሸው። ውኃው ሲፈነዳ ሴቶቹ እልል ሲሉ የመጀመሪያ ሐሳቤ አንተ ነበርክ። ስልኩን አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ውሌ በደንብ ከሄደ ይታደስልኛል። የመኪናው ገበያም ሊከፈት ነው ይላሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለተኛ ፒክአፕ እገዛለሁ፣ እሷ ያንተ ትሆናለች። ያን ጊዜ ይሄ ነገር ይረሳል። ወጣት ነኝ፣ ጊዜ አለኝ። አንተም ገና ጠንካራ ነህ፣ ሐኪሙም መስክሯል።

ስለዚህ ሰኞ እንዳትመጣ። ቤትም፣ መሥሪያ ቤቱም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የኢንሹራንሱ ሰው በመዝገቡ ላይ የፈረመውን ነጂ ሁሉ በስልክ ያጣራል፤ አሠራራቸው ነው። ቁልፌ የአክስቴን ቁጥር ሰጥቶታል። ማክሰኞ ጠዋት ይደውላል፤ ከስልኩ አትራቅ፣ አክስቴ እንዳታነሳው፣ እሷ አፏ አያርፍም። ያን ቀን የነዱት እርስዎ ነዎት ወይ ሲልህ «አዎ» በል፤ አንዴ ብለኸዋልና አይከብድህም። ገዢውን ያውቁታል ወይ ካለህ «አላውቀውም» በል። እኔ ሞክሼ ማለቴን ሴትዮዋ ጽፈውታልና ስለ ቤተሰብ መጠየቁ አይቀርም። «ልጅ አለዎት?» ካለህ «የለኝም» በለው። ቶሎ በለው አባዬ፣ ሳታስብ፤ ዝም ካልክ ይጠረጥራል።

ልጅህ