እንግሊዛዊውን እንግሊዝኛ ሳስተምር

ሚየንዬ፣

ባቡሩ ከዋሻው ሲወጣ ባሕሩ ፍንትው አለ። የኛ ወንዝ ለካ ጭቃ ነው! አጠገቤ የተቀመጠው እንግሊዛዊ ገበሬ «ያምራል» አለኝ። «አጎቴ» ልበለው ወይስ «አያቴ»? እንደ ደንባችን መጀመሪያ ዕድሜውን ጠየቅኩት። ስልሳ ሁለት ነኝ ሲለኝ «አጎቴ» አልኩና ያንን የሩዝ ማብሰያችን ላይ የለጠፍሽውን፣ ውሃ ላይ የሚያብረቀርቅ ብርሃን የሚባልበትን ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ለቀቅኩበት።

ሰውዬው ዓይኑ ፈጠጠ። «ምን ማለት ነው?» አለኝ። በገዛ ቋንቋው!

በትንንሽ ቃላት አስረዳሁት። ደብተሩን አወጣና «እስቲ ፊደሉን ንገሪኝ። ሌላስ አለሽ?» አይልም? ሁዌ ከተማ እስክንደርስ ማቀዝቀዣችን በር ላይ የለጠፍሻቸውን ቃላት በሙሉ አስጻፍኩት። አከራያችን ቤት ውስጥ ለሞቱት አያቶቿ ዕጣን ከምታጨስበት መታሰቢያ ላይ ገንጥላ የጣለችው ቃል ብቻ ጠፋኝ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። አከራያችንን ሳሚልኝ። አንቺ ደግሞ «ቃል አልበቃኝም» እያልሽ እህል አትቀምሺም አሉ። ቅዳሜ የእንግሊዝኛ ፈተና ስትገቢ፣ እባክሽ፣ ለፈታኙ እዘኚለት። ምስኪኑ እንደኔ የሩዝ ማብሰያው ላይ ቃል የሚለጥፍለት ጓደኛ የለውም።

ያንቺው ታኦ