ቡና በጆሮ

ውድ ዳናይት፣

ቁጭ ብዬ መጻፍ አቅቶኛል፤ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ! እንዳልደውልልሽ አታስጨርሺኝም፤ ገና «ሰላም ነሽ» ከማለቴ አምስት ጥያቄ ትደረድሪያለሽ። ወንድምሽ ቴድሮስ ነገ ወደ መቀሌ ስለሚበር ይህን ወረቀት በእሱ እልክልሻለሁ። ቡና ቆላሁ! ብቻዬን፣ ያለ አንቺ፣ ሳላሳርር!

ሌላ ሰው ቢያነበው ይስቅብኛል። አዲስ አበባ ኢምፔሪያል፣ ጋራዡ በር ላይ አምስት ዓመት ጀበና የጣደች ሴት ቡና ቆላሁ ብላ ትጨፍራለች እንዴ ይላል። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ከዚያ ክፉ ጉንፋን ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አይሸተውም። መልኩን አይቼ እንዳላወጣው ሸራችን ሰማያዊ ነው፤ ከሥሩ ሁሉም ቡና ጥቁር ይመስላል። ስቆላ አጠገቤ ቆመሽ «አሁን አውጪው!» የምትይኝ አንቺ ነበርሽ። ይህን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር።

ተድረሽ ከሄድሽ በኋላ ስልክ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። የመጀመሪያውን ቀን እንዳያርብኝ ፈርቼ ቶሎ አወጣሁት። ጥሬውን መልቀሙ፣ ማጠቡ የለመድኩት ነው፤ ስወቅጠው ግን አልደቅ ብሎ ዘነዘናው ይነጥር ጀመር። መለዋወጫ የሚነግዱት አቶ ተስፋማርያም አንዴ ፉት ብለው «ልጄ፣ ይሄ የባቄላ ውሃ ነው?» አሉኝ። በማግስቱ እልህ ይዞኝ አቆየሁት። «ዛሬ ደግሞ ከሰሉን ነው የወቀጥሽው» አሉ። ሾፌሮቹ አንድ በአንድ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው የማሽን ቡና ቤት ተሻገሩ። አቶ ተስፋማርያም ብቻ እያማረሩም ቢሆን ይመጣሉ፤ ስኒያቸው ግን ከነግማሹ ይመለሳል። እንዲህ ከቀጠለ ጀበናዬን ጠቅልዬ አገሬ ደሴ ልገባ ወስኜ ነበር። ይህንንም ደብቄሻለሁ።

ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ እንግዳ ሊያልፍ ነው ተብሎ መንገዱ ተዘጋ። ታውቂው የለ፤ ሚኒባሱ፣ ጡሩምባው፣ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው ረዳት ሁሉ ጠፋ። ሰው እየተራገመ በእግሩ ይሄዳል። እኔ ምጣዴ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ እርጥቡ ቡና ቸስ አለ። ቀጥሎ እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ከዚያማ ዳናይት፣ ጣ! ጣ ጣ! ተንጣጣ! ቡናው ያወራል! ሁልጊዜም ያወራ ነበር፤ የመኪናው ጩኸትና የእኛ ወሬ ነው የሸፈነው። መንጣጣቱ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ሳማስለው ድምፁ ቀለለ፤ ፍሬው ውስጡ ባዶ የሆነ ያህል። እዚያ ላይ አወጣሁት። ዘነዘናው ሲያርፍበት ፍርክስክስ አለ። ጀበናው ሲገነፍል አውርጄ እስኪሰክን ስጠብቅ ልቤ ከጀበናው በላይ ይፈላ ነበር። የጠጣልኝ የጋራዡ ዘበኛ ካሳዬ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ምን ቢቀርብለት «ግሩም ነው» ባይ ነው።

መንገዱ ሲከፈት ጩኸቱ እየሸፈነብኝ ጥቂት ቀን ተቸገርኩ፤ አሁን ጆሮዬን ወደ ምጣዱ ደፍቼ ነው የምቆላው። አላፊ አግዳሚው ዱዓ የማደርግ ይመስለዋል። ይምሰለው!

ዛሬ ጠዋት አቶ ተስፋማርያም አቦሉን አንስተው ፉት አሉ። ደግመው ፉት አሉ። ጨረሱት!

«ዳናይት ተመለሰች እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልተመለሰችም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማን አሸተተልሽ?»

ለካ ያውቃሉ! ካሳዬም፣ ሾፌሮቹም፣ ጋራዡ በሙሉ ሲያውቅ ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። «ምነው ሳይነግሩኝ?» ብላቸው፣ «እንዳትሸማቀቂ ብለን ነዋ። በይ ቶናውን ቅጂ» አሉኝ። በደስታ ስቀዳላቸው ግማሹ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ሠርግሽ ላይ ሚዜዎችሽ እስኪያባብሉኝ ያለቀስኩት ለአንቺ እንዳይመስልሽ። ለአፍንጫሽ ነበር። ማን ያሸትልኛል እያልኩ ነው ያነባሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሴን ስታዘበው ከረምኩ፤ ጓደኛዬን የምወዳት ለካ ለጥቅሜ ነው አልኩ። ዛሬ እንግዲህ አፍንጫሽ አያስፈልገኝም። አቶ ተስፋማርያም በረካውንም ጠጥተው ሲሄዱ «ሰማሽልኝ?» ብዬ ወደ በርጩማሽ ዞርኩ። ማንም የለም። ያኔ አለቀስኩ፤ ይሄኛው የአንቺ ነው።

በይ ደህና ሁኚልኝ፤ ባልሽንም ሰላም በይልኝ። ስትመጪ አንቺ ቁጭ ትያለሽ፣ እኔ እቆላለሁ።

ሱሀይላ