ስትሬቸሩን ማን ይግፋው?

እህታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከግንበኛ አባታቸው በ1953 ዓ.ም. ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩና እኛን ታናናሾቻቸውን ማዘል የእሳቸው ዕጣ ሆነ፤ ተሸክመው ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። ትምህርታቸውን ጨርሰው በ1974 ዓ.ም. በነርስነት ከተመረቁ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል አገልግለዋል። በ1977 ዓ.ም. ከሹፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

የተማሩት በሽተኛ ለመጠበቅ ነበር። ነገር ግን በሽተኛ አመላላሹ ታሞ በቀረ ዕለት አንድ አዛውንት ለራጅ ተጠርተው ኮሪደር ላይ ሲያቃስቱ ቢያዩ ስትሬቸሩን ራሳቸው ገፉት። ከዚያ ወዲያ ኦክስጅን ማንከባለሉም፣ ደም ወደ ላቦራቶሪ ማድረሱም፣ የተደፈነ ቧንቧ መጎርጎሩም እሳቸው ላይ ወደቀ። ባልደረቦቻቸው «ሁሉ በእጄ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ባለቤታቸው ወገባቸውን እያሹ ለምን እንደሚደክሙ ሲጠይቋቸው፣ «ታዲያ ማን ይሥራው? በሽተኛው እኮ እያየኝ ነው» ይሉ ነበር።

አመላላሹ ጡረታ ሲወጣ በምትኩ ሰው አልተቀጠረም። ሥራው እየተሠራ ነው ተባለ። እንግዲህ የደግ ሰው ዋጋው ይኸው ነው! በዚያው ዓመት አንዱን በሽተኛ ለራጅ ወስደው ሲመለሱ፣ ሌላውን በሽተኛ አጠገቡ ሰው ሳይኖር አርፎ አገኙት። ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸው ግን «ሥራውን እየሸፈንኩ የአመላላሹን ቦታ የዘጋሁት እኔ ነኝ» ብለው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ሆድ ይፍጀው አሉት። ልጃቸው ነርስ ስትሆን፣ ስትሬቸር እንዳትገፋ ብቻ ለመኗት።

የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው ልጃቸው በምትሠራበት፣ እሳቸውም ባገለገሉበት በዚያው ክፍል ተኙ። ለራጅ ሲጠሩ የሚወስዳቸው ጠፋ፤ ተረኛዋ ልጃቸው ገፋቻቸው። ኮሪደሩ መሐል ሲደርሱ እጇን ያዙና፣ «ልጄ፣ ክፍሉን ማን ይዞልሻል?» አሏት። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም።

ኅዳር 14 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸውን፣ አንዲት ልጃቸውንና እኛን ወንድምና እህቶቻቸውን ትተው ሄደዋል። ልጃቸው ሐዘኗን ሳትጨርስ ሰኞ ተረኛ ናት፤ ያ የአመላላሹ ቦታ ዛሬም ሰው የለውም።

አምላክ ነፍሳቸውን ሸክም በሌለበት ያሳርፍልን፤ ለልጃቸውም የሚያግዛት ሰው ይስጥልን።