ሳልሞት የተከፈለው ማሳዬ

ማርች 4፣ ሰኞ
ዛሬ ለቀማው ደህና ዋለ። ልጄ ሙምቢ አሥራ አንድ ኪሎ ሻይ ለቀመች፣ እኔ ስድስት። ጉልበቴ እምቢ ብሏል... እርጅና ነው እንግዲህ።

ማርች 6
ወንዶቹ ልጆቼ ንዴሪቱና ጋቹሂ ከናይሮቢ መጡ። "እማ፣ ናፍቀሽን ነው።" ዶሮ አሳረድኩላቸው።

ማርች 7
ጠዋት ብወጣ ማሳዬ ላይ ኢቶካ ተተክሏል! የድንበር አበባ! ወዲያ የንዴሪቱ፣ ወዲህ የጋቹሂ... እኔ በቁሜ እያለሁ!
"ምንድን ነው ይሄ?"
"ኑዛዜሽ ላይ ያለውን እኮ ነው የለካነው፣ እማ። በኋላ እንዳንጣላ ብለን።"
በኋላ... ስሞት ማለቱ ነው። መስመሩ በሙምቢ ጎጆ መሀል ያልፋል። "እሷስ የት ትግባ?" አልኳቸው።
ጋቹሂ ሳቀ። "ባሏ ጋ ትመለሳ!"
ያ የሚደበድባት ባል ጋ? ደሜ ፈላ። ኢቶካ የነቀለ ይረገማል ይላሉ። አንድ በአንድ ነቀልኩት። መሬቱም የኔ፣ እርግማኑም የኔ!

ማርች 8
ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ይሂዱ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር።

ማርች 11
ኑዛዜውን አወጣሁ። የሁለቱንም ስም በእስክሪብቶ ሰረዝኩ፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ። ከላዩ "ሁሉም ለሙምቢ" ብዬ ጻፍኩ። ጠበቃው ጋ ይዤ ብሄድ ሳቀብኝ፣ ጎረምሳ!
"ኧረ ማማ፣ እንዲህማ አይሆንም። አዲስ ይጻፋል። ምንም የማይወርሱ ሁለት ምስክሮች ይዘው ይምጡ።"
ሐሙስ ተባባልን።

ማርች 12
ለሙምቢ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ... ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች።
"እማ፣ ይሄ እኮ ለነሱ ቅጣት ነው እንጂ ለኔ ስጦታ አይደለም። ልጆቼን ይዤ ከመጣሁ ስድስት ዓመቴ። ኑዛዜውን የጻፍሽው አምና። ያኔ እኔ የት ነበርኩ?"
ጮህኩባት። ውለታ ቢስ አልኳት። ያኔማ እዚሁ አጠገቤ ነበረች፣ ሻይ ስትለቅም።
ማንን ነው አሁን የምቆጣው?

ማርች 14
ፈረምኩ። ሁለት ጎረቤቶቼ መሰከሩ። ማሳው ለሦስት፣ እኩል። ጎጆዋ ያለበት የሙምቢ። ለወንዶቹ ንዴቴ አልበረደም፣ ፋሲካን ሲመጡ ያገኙኛል። ግን ከሆዴ የወጡ ናቸው፣ ምን አደርጋለሁ?
ጠበቃው ወረቀቱን እያጠፈ፣ "ሐሳብዎን ምን አስቀየረዎት፣ ማማ? ወንዶቹ አስቀየሙዎት?" አለኝ።
"አይ። ልጆቼ ሦስት ናቸው።"
አምናም ሦስት ነበሩ።