ካሜራዬ ከነሌንሱ

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ዛሬም ያው። አገጭ ዝቅ፣ ጆሮ ይታይ፣ አትሳቁ። የሰው ፊት ሁሉ አንድ ሆኖብኛል። የመታወቂያ ፎቶ የምናነሳበት የጋሼ ስቱዲዮ መስኮት የለውም። ካሜራው መቆሚያው ላይ ከታሰረ ስንት ዘመኑ! መቆሚያውም እንዳይነቃነቅ እግሩ ወለሉ ላይ ተቸንክሯል። ጋሼ "የተስተካከለ ነገር አይነካም" ይላል። እኔንም አብሮ ያስተካከለኝ ይመስለኛል...

ማምሻውን ረዥሙ ደወለ። ሰርግ የሚያነሳው፣ በር ሲገባ ጎንበስ የሚለው።

"አብሮኝ የሚያነሳ ሰው አጣሁ። የዚህ ሳምንት ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ። ከሆነልን በዚያው እንቀጥላለን። ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ!" ሳላስብ ነው ያልኩት።

"የራስሽን ካሜራ ይዘሽ ነው ታዲያ። የማውስሽ የለኝም።"

የራሴ? ዕድሜዬን ሙሉ ካሜራ ጀርባ ቆሜ፣ የኔ የምለው አንድ ካሜራ የለኝም። ያስቃል። እኔን ግን አላሳቀኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

ለጋሼ ልንገረው? ምን ብዬ? እናቴ ስትሞት እጄን ይዞ ቤቱ ያስገባኝ እሱ ነው። የእናቴ ወንድም ነው እንጂ አባቴ አይደለም፤ ለሰው ሁሉ ግን "ልጄ" እያለ ነው የሚያስተዋውቀኝ። አንድ ቀን ተቆጥቶኝ አያውቅም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ድሮ ጥዬው ሄጄ ነበር። የቸገረኝ ደግነቱ ነው።

አልነገርኩትም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

አገኘሁ! አንድ የጥርስ ሐኪም ካሜራ ሊሸጥ ነው ሲሉኝ በምሳ ሰዓት በረርኩ።

ለካስ የገዛው የሰው ጥርስ ለማንሳት ነው። ካርዱ ውስጥ አፍ ብቻ... የተከፈተ አፍ፣ የተቦረቦረ ጥርስ፣ ያበጠ ድድ። ምሳ አለመብላቴ በጀኝ።

ሁለት ሌንስ አወጣ። "ትልቁን ውሰጂ፣ ሩቁን ያቀርባል" አለኝ። ትልቁ ሲያዞሩት ይንቀጫቀጫል። እኔ ዓይኔ ያረፈው ትንሿ ላይ ነው፣ ሃምሳ ሚሊ ሜትሯ ላይ። በስልኬ መብራት ውስጧን አየሁ፤ ሻጋታ የለ፣ ጭረት የለ። ነጭ ግድግዳ አነሳሁና አጎላሁት፤ አንድ ነጠብጣብ የለም። ካሜራው ስንት ፎቶ እንዳነሳም አየሁ። ገና ልጅ ነው! ደስታዬን ዋጥ አድርጌ ፊቴን አጨማደድኩ።

"ትንሽ አርጅቷል" አልኩ። አይ እኔ ውሸታም!

"እንዴ! ምኑ ነው ያረጀው?" ብሎ ዋጋ ጠራ። ወሽመጤ ተቆረጠ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ይሄኔ ሚስቱ ከውስጥ ክፍል ጮኸች። "በሰጠችህ ስጣት! እራት ላይ የሰው ድድ ማየት ሰልችቶኛል!"

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ካሜራውን ከነትንሿ ሌንስ፣ ከጠራው ዋጋ ከግማሽ ብዙም በማይበልጥ ገንዘብ ሰጠኝ። ለልብስ፣ ለጫማ እየተባለ ሲሰጠኝ ያጠራቀምኩት ልክክ አለ። ለታክሲ ግን አልተረፈኝም። በእግሬ ተመለስኩ፣ እንዳቀፍኩት። የኔ ነው። የኔ!

ዓርብ፣ ግንቦት 9

የት ልደብቀው? እቤት የጋሼ ሚስት እትዬ አሉ፤ ክፍሌን ሳይበረብሩ አይውሉም። ጽዳት ነው ይሉታል። ስቱዲዮ ወሰድኩትና ያረጁ መጋረጃዎች ያሉበት ቁም ሣጥን ውስጥ ሸጎጥኩት። በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ እንደ ሌባ ዞር ዞር ብዬ በሩን አያለሁ። ምን ነካኝ?

ነገ እነግረዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

አልነገርኩትም።

ሰኞ፣ ግንቦት 12

ጉድ ሆንኩ። በገዛ እጄ!

ጠዋት የስቱዲዮው ካሜራ ቀጥ አለ። ውስጡ ያለው መስታወት ወደ ላይ ተነስቶ አልወርድ አለ። ጋሼ ወረቀት ሊገዛ ወጥቷል። ወንበሩ ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቁኛል። "ተበላሽቷል፣ ነገ ይምጡ" ማለት ብቻ ነበር። ይሄ ምን ይከብዳል?

ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ፎቶ ሳይነሳ አይሸኝም። ጋሼ መጀመሪያ ያስተማረኝ ይሄንን ነው። እጄ በራሱ ጊዜ ሄደ... ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ ካሜራዬን አወጣ፣ መቆሚያው ላይ አሰረ። ቀጭ።

ዞር ስል ጋሼ በሩ ላይ ቆሟል።

"ይሄ የማን ነው?"

"የ... እኔ ነኝ የገዛሁት።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በተቆጣ! ዓይኑ እንባ አቀረረ። "የኛ ማርጀቱን አይተሽ ነው? ለኔም ሳትነግሪኝ? አይ ልጄ... ተባረኪ!"

ለስቱዲዮው የገዛሁ መሰለው። እናትየዋም ከወንበራቸው ሆነው ምርቃቱን አወረዱት። አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ሁለት ሰው እየመረቀሽ እንዴት አይደለም ይባላል? "አሜን" አልኩ። አሜን አልኩ እኮ!

ረቡዕ፣ ግንቦት 14

ለባለሱቁ ነገረ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ነገረ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ነገረ። "ልጄ ካሜራ ገዛችልኝ።" ዛሬ ደግሞ የሌንሱን ማጥሪያ ቀለበት እንዳይዞር ዙሪያውን በፕላስተር ጠመጠመው። ወንበሩም አይንቀሳቀስ፣ ካሜራውም አይንቀሳቀስ፣ ምን መነካካት ያስፈልጋል ብሎ ነው። አሁን ካሜራዬ ከዚያ ወንበር በቀር አጥርቶ የሚያየው ነገር የለም።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ታፍኛለሁ። ማን አፈነኝ ብባል የምጠቁመው ሰው እንኳ የለኝም።

ዓርብ፣ ግንቦት 16

ረዥሙ ደወለ። "ነገ ጠዋት ነው፣ እንዳታረፍጂ።" ነገ ደግሞ ስቱዲዮው በተማሪ የሚጨናነቅበት ቀን ነው። የድሮው ካሜራ ገና ጠጋኙ ጋ ነው።

ምሳ ላይ ተናገርኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

"ጋሼ፣ ካሜራውን የገዛሁት ለስቱዲዮው አይደለም። ለራሴ ነው። ነገ ሰርግ አነሳለሁ።"

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ጋሼ ሳህኑን አየ፣ አየ...

"ለራስሽ" አለ። "እሺ።"

ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ገባ። ውኃው ሲፈስ ቆየ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ፣ ግንቦት 18

ትናንት ጠዋት ካሜራዬን ከመቆሚያው ፈታሁ፣ ፕላስተሩንም ከሌንሱ ላይ ላጥኩ። ጋሼ ቆሞ ያየኛል። ደጅ ላይ ተማሪዎች ተሰልፈዋል። ወጣና "ካሜራ የለም ልጆቼ፣ ሌላ ቀን ኑ" ብሎ በሩን ዘጋ። ያ በር ቅዳሜ ሲዘጋ አይቼ አላውቅም። ቢሆንም ሄድኩ።

ሰርጉ... ምን ልበል? ሲያልቅ ረዥሙ ፎቶዎቼን አየና ሳቁ አመለጠው።

"አንቺ ልጅ፣ ሰርግ ነው መታወቂያ? ሙሽራዋን እኮ ግድግዳ አስደግፈሻታል!"

እውነቱን ነው። ሁሉም ቀጥ ብለው፣ ጆሯቸው እየታየ፣ አንድ የሚስቅ ሰው የለም። ጭፈራው መሀል ሳይቀር ሰው እያስቆምኩ "አገጭ ዝቅ" ስል ነበር ለካ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ይሄን ሁሉ ሆኜ ወጥቼ፣ ስቱዲዮውን ይዤው ነው የሄድኩት።

ዛሬ ጋሼ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። "አሳዪኝ" አለ። አንገራገርኩ፣ በኋላ ሰጠሁት። አንድ በአንድ አያቸው። "ብርሃኑ ጥሩ ነው" አለ። እየቆየ ግን ካሜራውን ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

"እኔ ነኝ።"

"ምኑ ጋሼ?"

"እንዲህ ያደረግኩሽ። እንጀራ ይሆንሻል ብዬ ነበር..." ካሜራውን መለሰልኝ። "ነገ ስቱዲዮ እንዳትመጪ።"

ክው አልኩ። "ተቀየምከኝ?"

"ትንሽ ተቀይሜያለሁ። ይለቀኛል። ግን አትምጪ፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። እዚያ ወንበር ፊት ከቆየሽ በዚያው ትቀሪያለሽ። እኔ አንድ ዓመት ብቻ ልሠራ ብዬ ነበር የከፈትኩት።"

ይሄን "አትምጪ" ስንት ዓመት ተመኘሁት። ሲመጣ እንደ ሕፃን ነፈረቅሁ። እሱም አብሮኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 19

እንደ ልማዴ ተነሳሁ፣ ለበስኩ፣ ጫማዬን አደረግሁ። በሩ ጋ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ። ጋሼ የድሮውን ካሜራ ከጠጋኙ ሊያመጣ እየወጣ ነበር።

"ዛሬ ምን ልትሠሪ ነው?" አለኝ።

"እንጃ፣ ጋሼ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ከዓርብ ወዲህ ሲስቅ ዛሬ ገና ማየቴ ነው። "ይቅናሽ" ብሎ ወጣ።

ፈራሁ። ረዥሙ ይደውል አይደውል አላውቅም... ግን ሰኞ ጠዋት "እንጃ" ብዬ መልሼ አላውቅም ነበር። ደስ ይላል።