ከሚካኤል እግር ሥር

ቅዳሜ፣ ኅዳር 11 ቀን 2003 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ

የዛሬውን ግን ለምጽፍበት መጽሔት አልሰጠውም፤ ከዚህ ደብተር አይወጣም።

ጓደኛዬ ጽጌ፣ ባሏ ሙላቱ ከልብ ኦፕሬሽኑ በሰላም እንዲነሳላት ለሚካኤል ተስላ ያሠራችው ሥዕል ከአዲስ አበባ ደረሰ። አሌክሳንድሪያ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ሸራውን ዘረጋነው። ሚካኤል ሰይጣንን ረግጦ ቆሟል፤ ሙላቱ ከፊቱ ተንበርክኳል። ሙላቱ በጎን ነው የተሳለው፣ በአንድ ዓይን። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል አንድ ዓይን የሚሰጠው ለይሁዳና ለሰይጣን ነው።

ለሠዓሊው ፎቶውን የላከችው ልጃቸው ሃና ናት፤ አባቷ ታክሲውን ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጣ ያነሳችው።

"ማሚ፣ ሳይድ ቪው እኮ ነው! ኢትስ ኦኬይ" አለች።

ጽጌ ሠዓሊውን ኮል አደረገችው።

"ሌላ ፎቶ ላኩ ብዬ ነበር፣ ዝም አላችሁ" አላት። "ያላየሁትን ዓይን ከየት አምጥቼ ልሳል፣ እመቤቴ?"

ስልኩን ከመዝጋቷ ሙላቱ ከሆስፒታል ደወለ። ኦፕሬሽኑ ሰኞ ነው። ጽጌ ስልኩን እጄ ላይ ጣለችው።

"አንቺ ወሬ አይቸግርሽም፤ አንቺ አውሪው።"

"እሺ የወሬ እናት፣ እንዴት ሆኜ ተሳልኩ?" አለኝ እየሳቀ።

"አምሮብሃል።"

"የማየው ማንን ነው? መልአኩን ነው?"

"አዎ፣ መልአኩን" አልኩት።

ሥዕሉ ነገ፣ በበዓሉ ይሰቀላል። ሸራው ላይ ሙላቱ አንገቱን ደፍቷል፤ የሚያየው ከመልአኩ እግር ሥር ያለውን ነው። ያም በአንድ ዓይኑ መልሶ ያየዋል።